ገብቶ የመውጣት ጥበብ፦ የከርነል ሞጁሎች አጀማመርና አወጣጥ ታሪካዊ ዳሰሳ

ዛሬ አንድ ሰው ፍላሽ ዲስኩን ኮምፒዩተሩ ላይ ሲሰካ፣ የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ለዕቃው የሚስማማውን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራውን ኮድ፣ ፈልጎ፣ የተጀመረ ሥራ ሳያቋርጥ፣ ወደ ራሱ ያስገባዋል። ሰውየው ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ሲከት ደግሞ ከርነሉ ለዚያ ዕቃ ብሎ የያዘውን ሁሉ መልቀቅ ይኖርበታል። በሩጫ ላይ ካለ ከርነል ጋር የሚቀላቀለውን እንዲህ ያለውን የኮድ ክፍል ሞጁል እንለዋለን። አንድ ሞጁል በተለምዶ ሁለት ፈንክሽኖች ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ማስጀመሪያው ነው፣ ሌላው ማጽጃው። በአንዱ የሚያስፈልገውን ይወስዳል፣ በሌላው የወሰደውን መልሶ ይሰናበታል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህንን መግባትና መውጣት በወጉ ለማድረግ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ልፋት ጠይቋል፤ ልፋቱም ገና አላለቀም። እኛ የዛሬዎቹ ተጠቃሚዎችና ኮድ ጸሐፊዎች የዚያ ልፋት ወራሾች ነን፤ የወረስነውን ግን ሁልጊዜ አናውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1964 አይቢኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ማሽኖቹን ይፋ አደረገ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን አንድ ድርጅት አዲስ ማተሚያ ወይም የቴፕ ማንበቢያ ሲገዛ፣ ባለሙያዎቹ የማሽኑን ዕቃዎች ዝርዝር ጽፈው፣ ስርዓተ ክወናውን ለዚያ ማሽን እንደ አዲስ የሚያመርት ረጅም ሂደት ያካሂዱ ነበር። በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ የጀመሩት ዩኒክስም፣ በ1973 በሲ ቋንቋ እንደገና ከተጻፈ በኋላ እንኳ፣ ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም። አዲስ ድራይቨር ለመጨመር የዕቃዎቹን ሠንጠረዥ ማስተካከል፣ ከርነሉን እንደገና ማያያዝ፣ ከዚያም ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ግድ ነበር።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ ድራይቨር ከማሽኑ ጋር ተነሥቶ ከማሽኑ ጋር ያርፋል። ስለ አወጣጡ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የያዘው ሜሞሪ፣ ያስመዘገበው ኢንተራፕት (ዕቃው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት)፣ የከፈተው መስመር ሁሉ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማጽጃው የማብሪያ ማጥፊያው ቁልፍ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ምቾት ለተከታዩ ትውልድ አንድ ልማድ አወረሰ፤ ትኩረትን ሁሉ አጀማመር ላይ ማድረግ። ዛሬም ማስጀመሪያው በጥንቃቄ ታስቦበት፣ ማጽጃው ግን በመጨረሻው ሰዓት በጥድፊያ የተለጠፈበት ኮድ ሲያጋጥመን፣ ያ የጥንት ልማድ በመካከላችን እየኖረ መሆኑን እናስተውል።

በዚያው ዘመን ግን በኔዘርላንድ፣ በአይንድሆቨን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤድስኸር ዳይክስትራና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ጠርገው ነበር። በ1968 በታተመው ጽሑፉ ዳይክስትራ አንድን ስርዓተ ክወና በንብርብር ማደራጀት እንደሚቻል አሳየ፤ የላይኛው ንብርብር በታችኛው ላይ ይመካል፣ የታችኛው ግን ስለ ላይኛው አንዳች አያውቅም። ጽሑፉ ዛሬ እንደምናውቃቸው ስላሉ ሞጁሎች አይናገርም። ነገር ግን ከዚህ ሐሳብ አንድ ሕግ በቀጥታ ይወጣል፦ የሚነሣው ከታች ወደ ላይ ከሆነ፣ የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች ነው። በኋላ የመጡት የማስጀመሪያና የማጽጃ ደንቦች ሁሉ የዚህ ሕግ ዝርዝሮች ናቸው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ብዙዎቹ ስሕተቶች ደግሞ ይህን ሕግ በመርሳት የመጡ ናቸው።

ማሽን ሳያጠፉ ድራይቨር የማስገባት ችሎታ ቀስ በቀስ መጣ። በ1977 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ይፋ ያደረገው ቪኤምኤስ ድራይቨርን በሩጫ ላይ መጫን ይችል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሶላሪስ ለእያንዳንዱ ሞጁል የመግቢያና የመውጫ ፈንክሽን ደነገገ። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲም ድራይቨሮቹን በአንድ መግቢያ ይቀበላል፤ ድራይቨሩ የመውጫ ፈንክሽን ካላስመዘገበ ግን ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ሊወጣ አይችልም። ይህ የዊንዶውስ ኤንቲ ውሳኔ ሐቀኛ ውሳኔ ነው። መውጣት የማያውቅ አይወጣም፤ እንደሚያውቅ ሆኖም አያስመስልም።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ የተማሪነት ዘመኑ የጀመረው ሊኑክስ፣ ሁሉን በአንድ አካል የያዘ ከርነል ነበር። በዚህ ላይ ሚኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ደራሲ ከሆነው ከአንድሩ ታነንባውም ጋር በ1992 የተደረገው ክርክር የታወቀ ነው፤ ታነንባውም አገልግሎቶቹ ከከርነሉ ውጭ ተነጣጥለው መኖር አለባቸው የሚል አቋም ነበረው። ሊኑክስ በአንድ አካል መሆኑን አልተወም፤ ነገር ግን በ1995 በወጣው 1.2 ዕትሙ ሞጁሎችን የሚቀበል ከርነል ሆኖ ነበር። ይህ የመካከለኛ መንገድ ነው። ሞጁሉ በሩጫ ላይ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ከከርነሉ የሚለየው ግድግዳ የለም። በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ይሠራል፣ ሲሳሳትም በሙሉ ሥልጣን ይሳሳታል። ተራ ፕሮግራም ሲሞት ከርነሉ ከኋላው ሜሞሪውን ይሰበስብለታል፣ ፋይሎቹን ይዘጋለታል። ከሞጁል በኋላ ግን የሚሰበስብ የለም። የማጽጃው ኃላፊነት ይህን ያህል የከበደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን የዕድር ንብረት አወሳሰድ ነገሩን ያስረዳል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ የጋራ ነው፤ የወሰደ ሰው በቁጥር ወስዶ በቁጥር ይመልሳል፣ አንድ ሳይመለስ የቀረ አግዳሚ ለሚቀጥለው ለቀስተኛ ይጎድላል። ሞጁልም ሲገባ ከከርነሉ የጋራ ሀብት ይወስዳል፦ ሜሞሪ፣ የኢንተራፕት መስመር፣ የዕቃ መለያ ቁጥር፣ በዚህም በዚያም ሠንጠረዥ ላይ ስሙን ማስመዝገብ። የወሰደውን ሳይመልስ ቢወጣ፣ ወይም ስሙን ሳያሰርዝ ቢሰናበት፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በእርሱ ላይ አይደለም። እርሱ ሄዷል፤ የሚጎዳው በቦታው የቀረው ከርነል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ዘግይተው የሚረዱት አንድ ነገር አለ። ማጽጃ የሚያስፈልገው ሞጁሉ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ብቻ አይደለም፤ ገና ሲገባም ያስፈልጋል። ማስጀመሪያው አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል የሚጠይቅ ከሆነ አራተኛው ሊከለከል ይችላል፤ ሜሞሪ ሊያልቅ፣ ኢንተራፕቱ በሌላ ተይዞ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ማስጀመሪያው የስሕተት ቁጥር ይዞ ከመመለሱ በፊት ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውንና የመጀመሪያውን በዚሁ በግልባጭ ቅደም ተከተል መመለስ አለበት። ከርነሉ ማስጀመሪያው የወደቀበትን ሞጁል ማጽጃ አይጠራለትም። ስለዚህ «የኔ ሞጁል አንዴ ከገባ አይወጣም» ብሎ ማጽጃን ችላ ማለት አይቻልም፤ ሳይገባ የሚመለስበት ቀን አለና። ለኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፦ አወጣጡ ካልታሰበ አጀማመሩም አልታሰበም።

የሊኑክስ ጸሐፊዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ የሚገርም የታሪክ መገጣጠም አለው። ዳይክስትራ በዚያው በ1968፣ ከንብርብሩ ጽሑፍ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በፕሮግራም ውስጥ «ጎቱ» የሚባለውን የመዝለያ ትእዛዝ አጥብቆ የነቀፈ ደብዳቤ አሳትሞ ነበር። በደብዳቤው ምክንያት ብዙ መምህራን ትእዛዙን እንደ ነውር አስተማሩት። በከርነል ማስጀመሪያዎች ውስጥ ግን ጎቱ ቦታውን አገኘ። በፈንክሽኑ መጨረሻ የመልሶ ማፍረሻ እርከኖች ይደረደራሉ፤ አራተኛው እርምጃ ሲወድቅ ወደ ሦስተኛው ማፍረሻ ይዘለላል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ አንደኛው ይወረዳል። የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያም ይህን ይፈቅዳል። ዳይክስትራ የነቀፈውን ትእዛዝ ተጠቅመው ዳይክስትራ ያስተማረውን ቅደም ተከተል ጠበቁ። ትእዛዙ በራሱ መልካምም ክፉም አልነበረም፤ ቁም ነገሩ የአፈራረሱ ሥርዓት ነበር።

ሁለተኛው የድሮ ትምህርት ስለ መመዝገብ ጊዜ ነው። ሞጁሉ ራሱን ባስመዘገበባት ቅጽበት ከርነሉ ሊጠራው ይችላል፤ ማስጀመሪያው እስኪያበቃ አይጠብቀውም። ሌላ ፕሮሰሰር ላይ ያለ ፕሮግራም በዚያችው ቅጽበት ዕቃውን ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ምዝገባ የማስጀመሪያው የመጨረሻ እርምጃ መሆን አለበት፤ ሜሞሪው ተይዞ፣ መቆለፊያዎቹ ተዘጋጅተው፣ ዕቃው ከተሞከረ በኋላ። በማጽጃው ደግሞ ስምን ማሰረዝ የመጀመሪያው ነው፤ ቀድሞ አዲስ ጠሪ እንዳይመጣ ይከለከላል፣ ከዚያ ያሉት ይሸኛሉ፣ በመጨረሻ ሀብቱ ይመለሳል። አንድ ፕሮሰሰር ብቻ በነበረበት ዘመን ይህን የሳተ ኮድ ለዓመታት ያለ ችግር ሊሠራ ይችል ነበር። ብዙ ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ከተስፋፉ ወዲህ ያ ዕድል አበቃ።

ከሁሉም የከበደው ግን «አሁን ማን እየተጠቀመብኝ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። በቀደሙት የሊኑክስ ዕትሞች ሞጁሉ ራሱ ቆጣሪ ይዞ ነበር፤ ተጠቃሚ ሲመጣ አንድ ይጨምራል፣ ሲሄድ አንድ ይቀንሳል፣ ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን ሞጁሉ ሊወጣ ይችላል። ስሕተቱ በውስጡ ተደብቆ ነበር። ቆጣሪውን የሚጨምረው ኮድ ያለው በሞጁሉ ውስጥ ነውና፣ ጠሪው ሞጁሉ ውስጥ ገብቶ ገና ሳይቆጠር አንድ ጠባብ ክፍተት አለ። ሲወጣም እንዲሁ፤ ቆጣሪው ዜሮ ከሆነ በኋላ የሞጁሉ የመጨረሻ ትእዛዞች ገና እየሠሩ ናቸው። በዚያች ክፍተት ሞጁሉ ቢወገድ ፕሮሰሰሩ የሚረግጠው መሬት ይከዳዋል።

መፍትሔው ቆጠራውን ከሞጁሉ አውጥቶ ለደጅ ጠባቂው መስጠት ነበር። ጠሪው ገና ሳይገባ፣ ከውጭ ያለው የከርነል ክፍል «ይህ ሞጁል በቦታው አለ ወይ? ካለ ያዝልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሞጁሉ ለመውጣት ተነሥቶ ከሆነ ጥያቄው ይከለከላል። በ2003 መጨረሻ የወጣው 2.6 ዕትም በዚህ ሥርዓት ቆመ። ሥራውን በብዛት የሠራው አውስትራሊያዊው ረስቲ ራስል ሲሆን፣ የሞጁል መጫኛውን እንደገና ጽፎታል። በዚያው ሰሞን በከርነል ጸሐፊዎች መካከል አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፦ ሞጁልን ማስወጣት ይህን ያህል አስቸጋሪ ከሆነ ከነጭራሹ ቢቀርስ? በመጨረሻ ማስወጣት የምርጫ ጉዳይ ሆነ። ከርነሉን የሚያጠናቅረው ሰው ሊያነሣው ይችላል፤ በግድ ማስወጣትም ለብቻው የተለየ ምርጫ ሆኖ፣ አደገኛነቱ ተነግሮ፣ ተቀምጧል። እንደ ዊንዶውስ ኤንቲ ሁሉ፣ ማስጀመሪያ ኖሮት ማጽጃ የሌለው ሞጁል በሊኑክስም ቋሚ ነው።

ያ ክርክር ዛሬም ትርጉም ያለው ይመስለኛል። ማስወጣት ይቅር ያሉት ሰዎች ተስፋ የቆረጡ አልነበሩም፤ ሊፈጸም የማይችል ቃል ከመግባት አለመግባት ይሻላል የሚሉ ነበሩ። ሆኖም ማስወጣት መቅረቱ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳጣ ነበር። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እያስገባና እያስወጣ ሥራውን ይሞክራል፤ ያ ባይኖር ወደ 1970ዎቹ የማጥፋትና የማብራት ልማድ እንመለስ ነበር። ምርጫ አድርጎ መተዉ ጥበብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሞጁል አጀማመር ምን ያህል ሩቅ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ያሳየው የ2008ቱ ክስተት ነው። መነሻው አንድ ጥሩ የቁጠባ ዘዴ ነበር። ማስጀመሪያ ፈንክሽን የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሜሞሪ ላይ መቆየቱ ብክነት ነው። ስለዚህ የሊኑክስ ጸሐፊዎች የማስጀመሪያ ኮድን ለብቻ በተለየ ክፍል እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ሥራው ሲያልቅ ከርነሉ ያንን ክፍል ለሌላ አገልግሎት ይለቅቀዋል። ማሽን ሲነሣ ከርነሉ የማያስፈልገውን ሜሞሪ ለቀቅሁ ብሎ የሚጽፋት መስመር የዚህ ምልክት ናት።

በ2008 የ2.6.27 ዕትም ሲዘጋጅ፣ በሙከራ ላይ የነበሩ የሊኑክስ ስርጭቶችን የጫኑ ሰዎች የኢንተል የኔትወርክ ካርዶቻቸው መሥራት ማቆማቸውን አስታወቁ። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት አልጠቀመም፤ በካርዱ ላይ ያለው ቋሚ ሜሞሪ ራሱ ተበላሽቶ ነበር። ጥርጣሬው በመጀመሪያ ኢ1000ኢ በተባለው የካርዱ ድራይቨር ላይ ወደቀ፤ ተፈጥሯዊም ነበር፣ የተጎዳው የእርሱ ካርድ ነውና። ለሳምንታት ሲፈለግ ከርሞ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዕትም ኤፍትሬስ የሚባል የፈንክሽን ጥሪዎችን የሚከታተል አዲስ መሣሪያ ገብቶ ነበር። መሣሪያው የጥሪ ቦታዎችን አድራሻ ይመዘግባል፤ ቆየት ብሎም ተመልሶ በዚያ አድራሻ ያለውን ትእዛዝ ይለውጣል። ከመዘገባቸው አድራሻዎች መካከል የሞጁሎች ማስጀመሪያ ኮድ ይገኝበት ነበር። ማስጀመሪያው ሥራውን ጨርሶ ተለቀቀ፤ አድራሻው ግን በመዝገቡ ቀረ። ከዚያ ከርነሉ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ሰጠው፤ ያ ሌላው የኔትወርክ ካርዱ ቋሚ ሜሞሪ ሆኖ ተገኘ። ኤፍትሬስ ተመልሶ መጥቶ ኮድ ያለ መስሎት ጻፈ፤ የጻፈው ካርዱ ላይ ነበር። ችግሩን በማስረዳት የኤፍትሬስ ደራሲ ስቲቨን ሮስቴት ራሱ ብዙ ደክሟል። መሣሪያው በ2.6.27.1 ለጊዜው እንዲዘጋ ተደረገ፤ ቀጥሎም ዲዛይኑ ተለወጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበር። ማስጀመሪያውን መልቀቅ ትክክል ነው፤ የተለቀቀውን አድራሻ ለሌላ መስጠትም ትክክል ነው፤ ጥሪን መከታተልም እንዲሁ። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፦ የተለቀቀው ኮድ መሄዱን ለመዝጋቢው የሚነግረው አልነበረም። ያለፉትን የከርነል ጥፋቶች ብንመረምር ይኸው ነገር ደጋግሞ ይመጣል። ሀብቱ ይሄዳል፣ ወደ ሀብቱ የሚያመለክተው ግን ይቀራል።

የዘገየ ሥራም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሞጁል ታይመር ይሞላል፣ ለኋላ የሚሠራ ሥራ ወረፋ ላይ ያስቀምጣል፤ ከ2002 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ባለው አርሲዩ በተባለው ዘዴ ደግሞ አንባቢዎች እስኪጨርሱ ጠብቆ እንዲለቀቅ ሜሞሪ ያስረክባል። እነዚህ ሁሉ «በኋላ ጥሩኝ» የሚሉ ቀጠሮዎች ናቸው። ሞጁሉ ቀጠሮውን ሳያሰርዝ ቢወጣ ከርነሉ በቀጠሮው ሰዓት ባዶ አድራሻ ላይ ይዘላል። ማሰረዝ ብቻም አይበቃም፤ በዚያች ቅጽበት እየሠራ ያለውን እስኪያበቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ማጽጃዎች ውስጥ የመጠበቂያ ጥሪዎች የምናየው። ከታይመር ጋር የተያያዘውን ይህን ጉዳይ ጨርሶ ለመዝጋት ሊኑክስ አዲስ የታይመር መዝጊያ ፈንክሽን የጨመረው በ6.2 ዕትም፣ በ2023 ነው። ሞጁሎች ከገቡ ከሃያ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ዩኤስቢ ሲስፋፋ ደግሞ መውጣት በሞጁሉ ፈቃድ መሆኑ ቀረ። ዕቃው ተነቅሎ ሲሄድ ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ገና አልዘጋም። ስለዚህ የዕቃው ዕድሜና የዕቃው መዝገብ ዕድሜ መለያየት ነበረባቸው፤ መዝገቡ የመጨረሻው ያዥ እስኪለቀው በሕይወት ይቆያል።

የቅደም ተከተል ጥያቄም አላረፈም። በከርነሉ ውስጥ አብረው የተጠናቀሩ ማስጀመሪያዎች ከመሠረታዊው ጀምሮ እስከ መጨረሻው በደረጃ ተከፋፍለው ይጠራሉ፤ የዳይክስትራ ንብርብር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን በስልክና በመሰል ትናንሽ ማሽኖች ላይ አንዱ ዕቃ የሌላውን ኤሌክትሪክ፣ ያ ደግሞ የሦስተኛውን ሰዓት ቆጣሪ ይጠብቃል፤ አስቀድሞ የተወሰነ ደረጃ አይበቃውም። በ2012 በወጣው 3.4 ዕትም ሊኑክስ ለማስጀመሪያዎች «የምፈልገው ገና አልተነሣም፣ ቆይታችሁ ጥሩኝ» ብሎ የመመለስ መብት ሰጣቸው። ይህም ሊሠራ የሚችለው ያ ማስጀመሪያ ከመመለሱ በፊት የወሰደውን ሁሉ በትክክል ካስረከበ ብቻ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ገብቶ የሚመለስ ድራይቨር በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ቢያንጠባጥብ ጉዳቱ ይደራረባል።

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ያለው ጉዞ ሸክሙን ከሰው ማስታወስ ወደ መሣሪያ የማሻገር ጉዞ ነው። በ2007 ቴጁን ሄዎ ያስገባው አሠራር ሀብትን ከዕቃው ጋር ያያይዛል፤ ዕቃው ሲለይ ወይም ማስጀመሪያው ሲወድቅ ከርነሉ ራሱ በግልባጭ ቅደም ተከተል ይመልሰዋል። በብዙ ሺህ የሚቆጠር የጎቱ መስመር በዚህ ምክንያት ጠፋ። ነገር ግን ያ ምቾት አዲስ ስሕተት ወለደ። ሜሞሪው ከዕቃው ጋር ስለሚሄድ፣ ዕቃው ተነቅሎ ፋይሉ ገና ክፍት የሆነ ጊዜ፣ ፕሮግራሙ የተለቀቀ ሜሞሪ ይነካል። በዩኤስቢ ዘመን የተማርነው የሁለት ዕድሜዎች ልዩነት እዚህ ላይ ተረስቶ ነበር። በ2022 በተደረገው የሊኑክስ ፕላምበርስ ጉባኤ ይህ ጉዳይ በይፋ ተነሥቷል።

በ2023 ሊኑክስ የሲ ማጠናቀሪያው የሚሰጠውን የራስ ሰር ማጽጃ ችሎታ በ6.5 ዕትም ተቀበለ፤ አንድ ተለዋዋጭ ከተወሰነለት ክልል ሲወጣ ማጽጃው ሳይጠሩት ይሠራል። ችሎታው በማጠናቀሪያው ውስጥ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነበር። ሲ++ን የፈጠረው ቢያርኔ ስትራውስትረፕ ሀብትን መያዝና መልቀቅን ከአንድ ነገር መፈጠርና መጥፋት ጋር ያሰረው ከዚያም ቀድሞ በ1980ዎቹ ነው። በ2022 መጨረሻ በ6.1 ዕትም ወደ ሊኑክስ የገባው ረስት ቋንቋም ይህንኑ ሐሳብ በጥብቅ ሕግ ያስፈጽማል፤ ሞጁሉ ሲወጣ የያዘው ሁሉ በሥርዓት ይለቀቃል፣ የተለቀቀውንም መንካት በማጠናቀር ጊዜ ይከለከላል። አርባ ዓመት የዘገየ ትምህርት ነው። ይህን ስል ለመውቀስ አይደለም፤ የከርነል ጸሐፊዎች የጥንቃቄያቸው ምክንያት ይገባኛል። ግን በቅርብ የነበረ መፍትሔ ይህን ያህል ሲርቅ፣ በመካከሉ ስንት ሰው ስንት ሌሊት በጎቱ እርከኖች ላይ እንዳደረ ማሰብ ያሳዝናል።

ሐምሌ ወር 2024፣ በ19ኛው ቀን፣ ዓለም ሁሉ የዚህን ዘርፍ ስም ባያውቅም ዋጋውን ቀመሰ። የክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ነበረው፤ ማሽኑ ሲነሣ ከቀዳሚዎቹ ጋር ይነሣል። የተሳሳተ የይዘት ፋይል ደረሰውና ከተፈቀደለት ክልል ውጭ ያለ ሜሞሪ አነበበ፤ ማሽኑ ወደቀ። ሲነሣ ድራይቨሩ ዳግም ያንኑ ፋይል አነበበ፤ ማሽኑም ዳግም ወደቀ። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን ማሽኖች ወደ 8.5 ሚሊዮን ገምቷቸዋል። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች የዳኑት ሰው በአካል ቀርቦ በጥንቃቄ ሁናቴ አስነሥቶ ፋይሉን ሲሰርዝ ነው። ጉዳዩ የማጽጃ ፈንክሽን ጉድለት አልነበረም፤ ከዚያ የቀደመው ጥያቄ ግን ይኸው ነው። አንድ የከርነል ክፍል ሲነሣ ያልጠበቀው ነገር ቢገጥመው፣ ስርዓቱን ሳይጥል ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ አለው ወይ?

በእጃችን ያለው የአንድሮይድ ስልክም የዚህ ርስት አካል ነው። ጉግል ከአንድሮይድ 12 ወዲህ የከርነሉ እምብርት ለሁሉም አምራቾች አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ የአምራቹ ድራይቨሮች ደግሞ በሞጁልነት ተለይተው እንዲጫኑ አድርጓል። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ሰው ስልኩን ሲያበራ በርካታ ሞጁሎች ተራ በተራ ይገባሉ፤ እያንዳንዳቸውም በዚህ ጽሑፍ ያየነውን ጥያቄ ሁሉ እንደገና መመለስ አለባቸው። ወደፊት ረስትና መሰሎቹ የሸክሙን ትልቁን ክፍል እንደሚያነሡ እጠብቃለሁ። የቀረው ግን በሰው እጅ ይቆያል። ምን ከምን ቀድሞ ይነሣ? ቀጠሮ ያለው ማን ነው? የማን ዕድሜ ከማን ይረዝማል? እነዚህን ማጠናቀሪያ ብቻውን አይመልሳቸውም።

ስለዚህ ኮድ ለምትጽፉ ወጣት አንባቢዎች፣ ከርነልም ይሁን የባንክ ሶፍትዌር፣ አንድ ልመና አለኝ። የማስጀመሪያውን እያንዳንዱን መስመር ስትጽፉ የሚያፈርሰውን መስመር በዚያው ሰዓት ጻፉ። ሊኑክስ ሜሞሪን ሆን ብሎ የሚከለክል የስሕተት መፈተኛ አለው፤ የፈሰሰ ሜሞሪን የሚያሳይ ኬሜምሊክ አለው፤ ከተለቀቀ በኋላ የተነካውን የሚይዝ ካሳን አለው። ሦስቱንም አብሩ። ከዚያ ሞጁላችሁን በተከፈተ ፋይልና በተሞላ ታይመር መካከል ደጋግማችሁ አስገቡት፣ ደጋግማችሁም አስወጡት፤ ይህን ሳያልፍ ለሰው አትስጡት።